አሳማኝ አይደለም ስለተባለው የቢቸናው ሊንከን

ለተከበሩ አቶ ባንተአምላክ ስጦታው
የፊልም ምዘና ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቢቸና

ክቡር ሆይ፣

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ከኮሚቴዎ አባላትና ከመላ ቤተሰብዎ ጋር በሙሉ ጤንነት ያገኝዎ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ሞጣዎች አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡም በሰዓቱ ጀምሮልናል። የቀረን ነገር ቢኖር የእርስዎ ውሳኔ ብቻ ነበር፤ እርሱም ማኅተሙ ደምቆ፣ ቁጥሩ ተሞልቶ ከአምስት ሳምንት በፊት ደርሶናል።

ስሜ ጁማና ሰይድ ይባላል፤ ሞጣ የታሪክ መምህርት ነኝ። ካስተማርኋቸው ወጣቶች ጋር ሆኜ የአርባ ደቂቃ ፊልም ሠርቼ በቢቸና አዳራሽ እንዲታይ ለኮሚቴዎ ያቀረብሁት እኔ ነኝ። ፊልሙ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስለነበረው ስለ አብርሃም ሊንከን ነው። አንዲት እናት፣ ዘብ ቆሞ ሳለ እንቅልፍ ጥሎት የሞት ፍርድ የተፈረደበት ወታደር ልጇን እንዲምርላት ልትለምነው ትመጣለች፤ እርሱም ይሰማታል። እናቲቱን የፈጠርኋት እኔ ነኝ። እንደ እርሷ ያሉ እናቶች ሊንከን ቢሮ ድረስ ይመጡ እንደነበር ግን ታሪክ ጽፎታል።

ኮሚቴዎ በላከልን ደብዳቤ «የዋናው ገጸ ባሕርይ አቀራረብ አሳማኝ ሆኖ ስላልተገኘ ፊልሙ በአዳራሹ አይታይም» ብሎናል። ዋና ተዋናያችን ጋሽ ይታያል ገብረ ክርስቶስ ይባላሉ። ኮሚቴዎ «ይታያል አይታይም» ብሎ በሁለት ቃል ቅኔ መዝረፉን የሰሙ አንድ የደብረ ወርቅ የኔታ፣ እንዲህ ያለ ተማሪ ካገኙ ዘመን እንደሆናቸው ነግረውኛልና ምስጋናቸውን በዚሁ አደርሳለሁ። አብርሃም ሊንከንን «ጆርጅ ሊንከን» ብላችሁ በመጻፋችሁም፣ ሁለት ፕሬዚዳንቶችን በአንድ ወንበር ለማስቀመጥ ያሳያችሁትን ቁጠባ አድንቀናል።

አሁን ወደ ዘረዘራችኋቸው ምክንያቶች ልለፍ።

አንደኛ፣ ተዋናዩ ፈረንጅ አይመስልም ብላችኋል። ክቡር ሆይ፣ ጋሽ ይታያል የቢቸና አናጺ መሆናቸውን ኮሚቴዎ በራሱ ጥረት ስለደረሰበት እንኳን ደስ አላችሁ። እኛ ግን ባለፈው ዓመት በዚሁ አዳራሽ በታየው የስቅለት ድራማ ጲላጦስ ሆኖ የሠራው የከተማው ዘበኛ የሮም መታወቂያ ተጠይቆ እንደሆነ ስላልሰማን፣ እንዲህ ያለ መመሪያ መኖሩን አላወቅንም ነበር።

ሁለተኛ፣ አገጩ ላይ ጢም እያለ ከአፍንጫው በታች መላጨቱ «የፀጉር አስተካካይ ስሕተት» ነው ተብሏል። ስሕተቱ የሊንከን የራሱ ነው። ፕሬዚዳንት ሳለ የተነሣቸው ፎቶግራፎች ሁሉ የሚያሳዩት እንዲህ ተላጭቶ ነው። ጋሽ ይታያል እኮ ለዚህ ጢም ዋጋ ከፍለውበታል። አራት ወር ሙሉ በቢቸና ገበያ የማያውቃቸው ሰው ሁሉ «አሰላሙ አለይኩም» ሲላቸው፣ የደብረ ወርቅ የቅኔ ተማሪ የነበሩት ሰው «ወአለይኩሙ ሰላም» ብለው ሲመልሱ ከረሙ። አጎቴ ሙሐመድያሲን፣ የሊንከንን ኮት የሰፋልን ልብስ ሰፊ፣ «እኔን ከሚሰላመተኝ ሰው ይልቅ እርሳቸውን የሚሰላመተው በዛ» እያለ ይስቅባቸው ነበር።

ሦስተኛ፣ ድምፁ ቀጭን ነው፣ የፕሬዚዳንት ድምፅ ግን ወፍራም መሆን ይገባዋል ብላችኋል። በጆሯቸው የሰሙት ሰዎች ሊንከን ቀጭንና ከፍ ያለ ድምፅ እንደነበረው ጽፈዋል። አንድ የኮሚቴ አባል በመናኸሪያው አስተዋዋቂ ድምፅ እንድንተካው በቃል መክረውናል። ሐሳቡን መርምረነዋል፤ ነገር ግን ያ ወንድማችን «ይቅር ብዬሃለሁ» ባለ ቁጥር ተመልካቹ ወደ ደጀንና ሉማሜ የሚሄድ መኪና የመጣ እየመሰለው እንዳይነሳ ሰግተን ተውነው።

እስከዚህ ድረስ ስቀናል። ያላሳቀን አራተኛው ነው። «አንድ የአገር መሪ አንዲትን ድሃ ሴት ያለ ቀጠሮ ማስገባቱ፣ አጠገቧ መቀመጡና እስክትጨርስ ማዳመጡ ከእውነታው የራቀ ነው» ይላል። ይህን የምመልሰው በክርክር አይደለም። እንዴት እንደሆነ እነግርዎታለሁ፤ ጊዜዎን ስለሰጡኝ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

ለሊንከንነት የፈተንናቸው ሰዎች ብዙ ነበሩ። አንዱ ስንት ፈረስ እንዳለው ጠየቀ፣ ሌላው እንዴት እንደተገደለ፤ አንዱም መነጽር ይፈቀድልኝ አለ። ጋሽ ይታያልን ያገኘኋቸው ቢቸና ውስጥ የአንድ ቤት መቃን ሲለኩ ነው፤ ራሳቸው ከመቃኑ ይረዝሙ ነበር። የመጣሁበትን ስነግራቸው፣

«አንቺ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜዬ ፈረንጅ ሁን ትይኛለሽ?» አሉኝ።

«ፈረንጅ ሳይሆን ሊንከንን ነው» አልኋቸው።

ሜትራቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና «ሰውየው ምን ያሳዝነው ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በሥልጣን ላይ ሳለ ትንሽ ልጁ ታሞ እንደሞተበት፣ በጦርነቱም የሰው ልጅ እንደ ቅጠል እንደረገፈ ነገርኋቸው። «እንግዲያስ እሞክረዋለሁ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቅዳሜው ከቢቸና ሞጣ በሚኒባስ ይመላለሱ ነበር። ኮቱ ተሰፍቶ ሲለብሱትና ሁላችንም ስናጨበጭብ፣ «ይህ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ገና አልተገኘም» ብለው አውልቀው ሰቀሉት።

ወርቁ የተገኘው በቀረጻው ዕለት ነው። እናቲቱን ሆና የሠራችው እትዬ አስናቀች ሞጣ ገበያ እህል የምትሸጥ ሴት ናት። በጽሑፌ መሠረት ፕሬዚዳንቱ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ «ልጅሽ ምን አጠፋ?» ማለት ነበረበት። ጋሽ ይታያል ግን ተነሡ፣ ወንበራቸውን እየጎተቱ ዞረው አጠገቧ ተቀመጡና በዚያ በቀጭን ድምፃቸው፣ «እስኪ ስለ ልጅሽ ንገሪኝ። ስለ ጥፋቱ አይደለም፤ ስለ ልጅሽ» አሏት።

እትዬ አስናቀች ያጠናችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። የእርሷ ልጅ ሥራ ፍለጋ የዓባይን ድልድይ ከተሻገረ ወዲህ ሁለት ዓመት ድምፁ አልተሰማም፤ ይህን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። እርሷም ስለ እርሱ ተናገረች። ሲስቅ አንድ ዓይኑን እንደሚጨፍን፣ ሽሮ ካልቀጠነ እንደማይበላ፣ ሲሄድ ጫማውን ሳያስር እንደወጣ ተናገረች። ጋሽ ይታያል አንድም ቃል ሳያቋርጡ ሰሟት። ካሜራ የያዘችው ልጅ እያለቀሰች ስለነበር ምስሉ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ኮሚቴዎ «የቴክኒክ ጉድለት» ያለው እርሱን ነው።

ደብዳቤዎን ይዤ ቢቸና የሄድሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ይታያል መጋዛቸውን አስቀምጠው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ፈረንጅ አይመስልም ማለታቸው ልክ ነው፤ አልመስልም» አሉ። «አሳማኝ አይደለም ማለት ግን በእኛ አማርኛ ውሸታም ነህ ማለት ነው። እኔ በዚያች ሴት ፊት አልዋሸሁም።» በማግሥቱ ጢማቸውን ተላጩ፤ ቀረጻው ካለቀ ወዲህ እንኳ ያልተዉትን የቅዳሜ ጉዟቸውንም አስቀሩ። ስንደውልላቸው ሥራ በዝቶብኛል ይላሉ፤ ጎረቤቶቻቸው ግን የሥራ ቤታቸው ተዘግቶ እንደሚውል ነገሩን። ክቡር ሆይ፣ አንድ ማኅተም ይህን ያህል ከባድ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላወቅሁም ነበር፤ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

አጎቴ ሙሐመድያሲን «አዳራሽ ከከለከሉን መጋዘን አለን» አለ። ጣቃ ጨርቆቹን ወደ ግድግዳው ከምሮ፣ መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ፣ አንድ ነጭ አቡጀዲ ዘረጋልን። የቀረው ሊንከን ብቻ ነበር። እርሳቸውን ለማምጣት እትዬ አስናቀች ገበያዋን ትታ ቢቸና ወረደች። ወዲያ ወዲህ አላለችም።

«እኔ እውነቴን ነው የነገርሁዎ» አለቻቸው። «እርስዎ ውሸታም ከሆኑ፣ እኔ ምን ልባል ነው?»

ጋሽ ይታያል ጋቢያቸውን አንሥተው ተከተሏት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ሞላ። ከሞጣም ከቢቸናም ሰው መጣ፤ ካህናትም ሸኾችም አንድ አግዳሚ ላይ ተጣበው ተቀመጡ። ጋሽ ይታያል አልገቡም፤ በር ላይ ቆመው ጀርባቸውን ለፊልሙ ሰጡ። የእትዬ አስናቀች ድምፅ ሲሰማ አንገታቸውን ሲደፉ አይቻለሁ። ፊልሙ አለቀ፤ ማንም አላጨበጨበም። እኔም በልቤ «ኮሚቴው ልክ ነበር ማለት ነው» አልሁ።

ያን ጊዜ ሀብተ ሥላሴ የሚባል ገበሬ ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። ከጋቢው ሥር በአራት የታጠፈ፣ መታጠፊያው ያለቀ ወረቀት አወጣ። ሦስት ዓመት ከቢሮ ቢሮ ያንከራተተው የድንበር አቤቱታው ነው።

«ጋሼ፣ ይህችን ይዩልኝ» አላቸው።

«ወንድሜ፣ እኔ እኮ አናጺ ነኝ።»

«አውቃለሁ። የቤቴን በር የሠሩልኝ እርስዎ ነዎት። ቢሆንም ይስሙኝ።»

ጋሽ ይታያል ግራ ገብቷቸው እኔን አዩኝ። ከዚያ ሁለት ወንበር ስበው አጠገብ ለአጠገብ አደረጉና ተቀመጡ። ከሀብተ ሥላሴ ኋላ ሌላ ሰው ቆመ፤ ከእርሱም ኋላ ሌላ። የዐሥር ሶላት አዛን እስኪሰማ ድረስ ዐሥራ አንድ ሰው ሰሙ። ሁሉም አናጺ መሆናቸውን ያውቅ ነበር። እርሳቸውም ለእያንዳንዱ «ሥልጣን የለኝም» እያሉ ይጀምሩ ነበር፤ ሰዎቹም «ግድ የለም» እያሉ ይቀጥሉ ነበር።

ወደ መናኸሪያ ስሸኛቸው፣ «የአንዱንም ችግር አልፈታሁም» አሉኝ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ደግሞ፣ «ግን አየሻቸው ልጄ? ሲሄዱ ቀና ብለው ነበር።» ሰኞ የሥራ ቤታቸው ተከፍቶ መጋዙ ሲጮኽ ጎረቤቶቻቸው ደውለው ነገሩን።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ አዳራሽዎን አንለምንም፤ መጋዘኑ ይበቃናል፤ ወንበሮቹም ይሻላሉ። የምንጠይቀው የአንድ ቃል እርማት ብቻ ነው። በደብዳቤዎ አራተኛ ተራ ላይ «ከእውነታው የራቀ ነው» የሚለው ተሰርዞ «እኛ ያልለመድነው ነው» በሚል ይተካልን። እንዲህ ከሆነ በአራተኛው ነጥብ ላይ ከኮሚቴዎ ጋር ፍጹም እንስማማለን።

ላደረጉልን ሁሉ፣ በተለይም ላላደረጉልን፣ በአዳራሽ ቢሆን ኖሮ ፈጽሞ የማናገኘውን ተመልካች ስለሰጡን፣ አንድን አናጺ የዐሥራ አንድ ሰው ዳኛ ስላደረጉልን፣ ዕድሜና ጤና፣ ወንበርዎም የሚመች ይሆንልዎ ዘንድ እየለመንሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

ጁማና ሰይድ
የታሪክ መምህርት
ሞጣ

ፊርማዬን ካኖርሁ በኋላ የጨመርሁት፦ ከተሰላፊዎቹ አራተኛዋ ከደብረ ወርቅ የመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ወለተ ገብርኤል እባላለሁ አሉ። ጋሽ ይታያል «እማሆይ፣ ምን በደል ደረሰብዎ?» ቢሏቸው፣ «በደልስ የለብኝም። ልጄ ቢቸና ሹም ነው፤ ሁለት ጊዜ ሄጄ ስብሰባ ላይ ናቸው ብለው መለሱኝ። እርስዎ ካገኙት ደህና ናት በሉልኝ» አሏቸው። የልጁን ስም ከነአባቱ ሲነግሩን ለማመን ተቸግረን ነበር። ለማንኛውም መልእክቱ ይኸው ደርሷል፤ እናትዎ ደህና ናቸው።