መውጫ የተውኩላት

ሐምሌ 4፣ ጠዋት
መብራት ጠፋ። የመዳም ቀሚስ ግማሹ ሳይተኮስ ቀረ። እሰይ፣ ደብተሬ፣ አንቺ ላይ ለመጻፍ ጊዜ አገኘሁ።

ዝናሽ ግን መዝፈኗን አላቆመችም። መዳም ልጆቹን እንድትይዝ ያመጣቻት፣ አንድ ክፍል የምንተኛው። ከዛሬ ጀምሮ ዘ. ናት። ሙሉ ስሟን ልጽፍ ስል እጄ እምቢ ይላል።

ዳዊትን ታውቂዋለሽ። በጅቡቲና በሞጆ መሀል ኮንቴይነር የሚያመላልሰው። ሁለት ዓመት ሙሉ እናቴ የምትልከውን በርበሬና ሽሮ ያመጣልኛል፤ ዓርብ ኮንጄዬን፣ የዕረፍት ቀኔን ጠብቄ ፔካ ዱዝ፣ የጭነት መኪኖቹ ተራ የሚጠብቁበት ሄጄ እቀበለዋለሁ። ትናንት ከዘ. ጋር ሄድን። ቆሎ አመጣልን። ሁለት ፌስታል። የሷ ይበልጣል። በእጄ መዘንኩት! ቀናሁ። በቃ፣ ቀናሁ።

ስተኩስ ስልኬ ላይ የማዳምጠው ትረካ አለ፤ የጥንት ቻይና የጦር አዛዥ ብልሃት። "ሽማግሌው" ብዬዋለሁ። ከመግጠምህ በፊት ጠላትህን አጥና ይላል። ላጥናት እስቲ።

ሐምሌ 6
ጥናት፦ ባሕር ትፈራለች። ድሬዳዋ ያሉትን እናቷን ባነሳች ቁጥር ታለቅሳለች። አሳዘነችኝ። ከዚያ ስልኳ ጮኸ። ዳ. ነው። ፊቷ በራ። ሐዘኔ በነነ።

ሐምሌ 10፣ ዓርብ፣ አመሻሽ
ሽማግሌው፦ ስትበረታ የደከምክ ምሰል። መሰልኩ። ራሴን በሻሽ ጠፍሬ ተኛሁ። አሟታል ሲሉት ዳ. እየሮጠ ይመጣል ብዬ። ዘ. ብቻዋን ሄዳ ዕቃዬን ተቀበለችልኝ። እሱ ሁለት ሎሚና የራስ ምታት ክኒን ላከልኝ። ክኒን!

እግሯ አሸዋ ለብሷል። ባሕር ዳር ወስዷት ነበር፣ አይዞሽ እያለ፣ እጇን ይዞ። ራሷ ናት የነገረችኝ፣ እየተፍለቀለቀች። አብሬያት ሳቅኩ። ጥርሴ ይስቃል፣ አንጀቴ ያራል።

ሐምሌ 13
ዛሬ የሠራሁት ነገር! ሽማግሌው፣ ለከበብከው ጠላት መውጫ ተውለት፣ መሄጃ ካጣ እስከ ሞት ይዋጋሃል ይላል። ድሬዳዋ አክስቴ ምግብ ቤት አላት። ደወልኩላት። ታማኝ ልጅ እየፈለገች ነው። ለዘ. ነገርኳት፣ ከእናትሽ ጋር ትኖሪያለሽ አልኳት። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እትዬ ትዕግስት፣ እንዳንቺ ያለ እህት የለኝም አለች። ትንሽ አፈርኩ። ትንሽ ብቻ። ያለ ውጊያ ድል!

ሐምሌ 16
መዳም አጉረምርማ ፈቀደች። ዘ. ነገ ትሄዳለች። የቀሚሷን ጠርዝ ሰፋሁላት፣ እያንጎራጎርኩ። ናጋድ፣ ባቡር ጣቢያው ድረስ ልሸኝሽ አልኳት። ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ አላማረኝም።

ሐምሌ 17፣ ዓርብ፣ ጠዋት 3 ሰዓት
ባቡር የለም። ዳ. ነው የሚወስዳት፣ በመኪናው። ድሬዳዋ እንደገቡ ለእናቷ ሽማግሌ ሊልክ ነው። እሷ በሰው ቤት፣ እናቷ ሩቅ፣ ማንን ልጠይቅ እያለ ነው ለካ እስከ ዛሬ ዝም ያለው! መንገዱን እኔው ጠረግኩለት። አንቺ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተሽ ገደሉን ሳታዪ!

ዘ. እያለቀሰች ሚዜዬ ሁኚ አለችኝ። ዳ. ደግሞ፣ ትዕግስት እህቴ ናት፣ እሷ ከሌለች ሠርግ የለም ብሏል አለች። እህቴ!

አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። ሽማግሌው ሐሳብህን ሰውር ይላል። እኔማ እሱን ሳልሰማም ስሰውር ነው የኖርኩት። ሁለት ዓመት ሽሮዬን ተቀብዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተመለስኩ። አንድ ቀን እንኳ እወድሃለሁ አላልኩትም። ከዘ. ብቻ አይደለም፣ ከራሱም ደብቄዋለሁ። በምን ይወቅ ሰውዬው?

የታክሲ ክላክስ። መጣ። ዳ. ነው፣ መኪናውን ፔካ ዱዝ አቁሞ ሊወስዳት። ዘ. እትዬ ነይ እንጂ እያለች ነው። ትረካውን ከስልኬ አጠፋሁት። ልወርድ ነው። እነግረዋለሁ፣ እሷም ትስማ። ምንም እንደማይለወጥ አውቃለሁ። ይሂዱ፣ ይጋቡ። ግን አውቆ ይሂድ። እኔ እህቱ አይደለሁም።