ሰኞ ሙዚየሙ ዝግ ነው

ልጄ፣ እንቅልፍሽ የሰላም፣ ውሎሽ የቀና ይሁን። እኛ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል።

ከባልሽ ጋር ለስድስት ቀን ስትመጡ የምታሳዪውን ቦታ አጣሪልኝ ብለሽኝ ነበር። የድሮው ድልድይ ጠዋት ያምራል። ማማው መቶ አርባ ደረጃ አለው አሉ፤ አባትሽ «እኔ ልቁጠረው» ብሎ ገብቶ ሠላሳኛው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

ስለ ሙዚየሙም ጠየቅሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ሁሉ ቦታ በቀን በቀን ስደለድለው ለእኔ የሚተርፍ ቀን አጥቼ ከፍቶኝ ነበር። ሰባት ዓመት ያየሁሽ በስልክ ነው። ጥበቃው ታዲያ፣ «ይቅርታ እናቴ፣ ሰኞ ዝግ ነው። ማማውም እንደዚያው» አለኝ።

«ተባረክ!» ብዬ ግንባሩን ሳምኩት።

«ምነው እናቴ፣ ዝግ ነው እኮ ያልኩዎት» አለ፣ ግራ ገብቶት።

ልጄ፣ ባልሽ አገሩን ይይ፣ ደስ ይለኛል። ሰኞን አባትሽ ያጫውተው። አንቺ አጠገቤ ተቀመጪ፤ ጸጉርሽን ልሥራልሽ፤ ሲደክምሽም ጭኔ ላይ ተኚ። መንገዱን የሚያቀና አምላክ በሰላም ያግባሽ። እባክሽ፣ የጉብኝት ዝርዝርሽን ስታወጪ ለሰኞ ምንም አትጻፊ።

እናትሽ