የምሳችንን ዳቦ ላገዱት ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ መልከጼዴቅ
የክር ፋብሪካችን የሠራተኞች አገልግሎት ኃላፊ
ሰበታ

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ ጤናዎ እንደ ወትሮው የተሟላ፣ እንቅልፍዎም ሕሊና የማይቀሰቅሰው እንዲሆን እየተመኘሁ፣ የመፍተያ ክፍል ሠራተኛዎ ዕዝራ ከዓለም ገና ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ባለፈው ወር የሁለት ቀን ሥልጠና ወስደው በተመለሱ ማግሥት፣ በምሳ አዳራሹ በር ላይ «ካርቦሃይድሬት የበሽታ ሁሉ እናት ነው» የሚል ማስታወቂያ አስለጥፈው ዳቦውን፣ ንፍሮውንና ድንቹን በጎመንና በሰላጣ ስለተኩልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ክር የሚቀጥል ሰው ውፍረት እንደሚያሰጋው ከእርስዎ በፊት የነገረን አልነበረም።

ይሁን እንጂ ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

፩. ብርሃነሽን ያውቋታል ብዬ አልገምትም፤ ከወላይታ መጥታ ስድስት ዓመት ከጎኔ የሠራች ሴት ናት። የስኳር ሕመምተኛ በመሆኗ ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊን ትወስዳለች፤ መጠኑም ምሳ ላይ ዳቦ ወይም ንፍሮ እንደምትበላ ታስቦ የታዘዘ ነው። ይህንኑ ልታስረዳዎ ቢሮዎ ብትመጣ «እንዲያውም ላንቺ ነው የሚበጀው፤ ስኳርሽ ይወርድልሻል» ብለው አሰናበቷት። ትንቢትዎ ሠመረ፤ በሦስተኛው ቀን ወረደላት። ከምሳ በኋላ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቃት፣ ስሟን ስጠይቃት የእናቷን ስም ነገረችኝና ማሽኑ ሥር ቁጭ አለች። መዋጥ አላቃታትም ነበርና ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጣናት።

፪. በባጃጅ ጤና ጣቢያ ስላደረስኳት «ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታ መለየት» የሚል ማስጠንቀቂያ ስለጻፉልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እርሷንም አልዘነጓትም፤ የእርሷ ወረቀት አልጋ ላይ ሳለች ደረሳት። ነርሷ ሲስተር ራያ አንብባው ስታበቃ «ኃላፊያችሁ መኪናቸውን ያለ ነዳጅ ነው የሚነዱት?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያም ከገብስ፣ ከባቄላና ከምስር የሚገኘው ካርቦሃይድሬት ቀስ እያለ ጉልበት እንደሚሆን፣ ልንቀንሰው የሚገባን ለስላሳ መጠጡንና ብስኩቱን እንደሆነ፣ ኢንሱሊን የወሰደ ሰው ደግሞ ምግቡን ከከለከሉት መድኃኒቱ ራሱ ሊገድለው እንደሚችል በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ።

፫. ወረቀቱን ሳቀርብልዎ «አስተያየት አልጠየቅሁም» አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ ሲጠይቁ አይቼዎት አላውቅም።

በማግሥቱ የመፍተያ ክፍል ሠራተኛ በሙሉ ከየቤቱ ቂጣ፣ ቆሎና ስኳር ድንች ቋጥሮ መጥቶ አጥሩ ጥግ በላ፤ ጎመንዎ ሳይነካ ዋለ። በሳምንቱ ዳቦው ያለ አንዳች ማብራሪያ ተመለሰ። ብርሃነሽ ግን አልተመለሰችም። «ሕመሜን ከእኔ በላይ አውቃለሁ ለሚል ሰው ሁለተኛ አላስረዳም» ብላ መልቀቂያዋን በእኔ እጅ ላከች። የቆመችበት ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

ለጥልቅ ዕውቀትዎ ወገቡ እስኪቆረጥ እጅ የሚነሳው፣
ጠግቦ የጻፈልዎ፣
ዕዝራ

ማስታወሻ፦ ሲስተር ራያ ሐሙስ ጠዋት ምግብ ለሚጀምሩ ሕፃናት እናቶች ስለ አመጋገብ በነጻ ታስተምራለች። ስለ እርስዎ አጫውቻታለሁ፤ ሕፃናቱ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ይሰጡዎታል።