ማሽኑ ያልሰማው መልስ

ሰኞ

ምሕረት ዜሮ አገኘች! ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ውስጥ እንግሊዝኛ በመናገር እሷን የሚያህል የለም። ታብሌቱ ግን የንግግር ፈተናውን ገና ሳትጀምር ዘጋባትና "መልስ የለም" ብሎ ጻፈ። ቤቴል ያለው የግል ትምህርት ቤት በነፃ ሊቀበላት የቀረው ይሄ ውጤት ብቻ ነው። እስከ ዓርብ ካልላክን ዕድሉ ለሌላ ልጅ ይሄዳል። ጠርቼ "ምን ሆነሽ ነው?" ብላት "መለስኩ እኮ ቲቸር" አለችና አቀረቀረች። አንጀቴን በላችው።

ማክሰኞ

እናቷ መጡ። "ቤት ውስጥ አፏ አይዘጋም ነበር። ከትናንት ጀምሮ ግን ዝም ብላለች። ልጄን ምን አደረጋችሁብኝ?" አሉኝ።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ጌታሁን ጋ ገባሁ። "ማሽን አያዳላም። አንቺ ግን ትወጃታለሽ" አሉኝ። እውነት ነው፣ እወዳታለሁ። ታዲያ ብወዳትስ?

ረቡዕ

የምሕረትን የፈተና ድምፅ ቅጂ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ማሽኑ በሴት ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ፣ "ዝግጁ ነሽ?" ይላል። ዝምታ። ደግሞ ይጠይቃል። አሁንም ዝምታ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ ሳደርገው ሰማኋት፤ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጋለች። አዎ ማለቷ ነው! እኔም፣ ጎረቤቶቼም፣ የታክሲው ረዳትም አዎ የምንለው እንዲሁ ነው። ልጅቷ ትልቅ ሰው እንደጠየቃት ቆጥራ በትሕትና መልሳለች። ተናደድኩ። ትንሽም አለቀስኩ።

ሐሙስ

ማዳመጫውን ለአቶ ጌታሁን ሰጠኋቸው። "ምንም የለም" አሉ። ድምፁን ጨመርኩና "አሁንስ ይሰማዎታል?" አልኳቸው። ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ። ከዚያ ያደረጉት ገባቸው መሰለኝ። "ነገ እንደገና ትፈተን" ብለው ማዳመጫውን አወለቁ።

ከሰዓት ምሕረትን አለማመድኳት። ቀና በይ። ድምፅ አውጪ። ሙሉ ዐረፍተ ነገር ተናገሪ። እሷ ትረሳና ትንፋሿን ትስባለች፣ እኔ አርማታለሁ። ሲመሽ መሳቧን ተወች።

ዓርብ

አለፈች! ከክፍሉ አንደኛ። ውጤቱ ተልኳል። እናቷ በስልክ "ጌታ ይባርክሽ" እያሉ አለቀሱ። ስንት ቀን የያዝኩትን አየር ያወጣሁ መሰለኝ።

ከምሕረት ጋር እስከ ፌርማታው አብረን ወጣን። "ደስ አለሽ?" አልኳት። የማውቃትን ትንፋሽ ጠበቅኩ። አገጯን ቀና አድርጋ፣ ልክ ለማሽኑ እንደመለሰችው፣ "አዎ ቲቸር፣ በጣም ደስ ብሎኛል" አለችኝ።

ጎበዝ ልላት ይገባኝ ነበር። ያቺን ትንፋሽ ግን ያስተውኳት እኔው ነኝ።