የአባቴ ዓይን ያልጠበቃት ፒክአፕ

«ውድ ካዝ! መልካም ዜና ይዘን መጥተናል። የአዲሷ ፒክአፕዎ የምርት ሳምንት ወደ ኦገስት 11 ተዛውሯል። መሪውን የሚጨብጡበት ቀን እየቀረበ ነው፤ መጠበቅም እኮ የደስታው አካል ነው! ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

ይድረስ ለክቡር የኩባንያው የደንበኞች ጉዳይ ምክትል ፕሬዚዳንት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለሙሉ ጤናዎ፣ በተለይም ለዓይንዎ ጤና ያለኝን ልባዊ ምኞት እገልጻለሁ። ከላይ ቃል በቃል የገለበጥኩት መልእክት ሜይ 6 ቀን በአባቴ በካሲሚር ዚልካ ስልክ የገባ ነው። አባቴ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሠላሳ አራቱን በእርስዎ ፋብሪካ የመኪና በር ሲገጥም አሳልፏል። ያን ሁሉ ዘመን በመታወቂያ ቁጥሩ ሲጠራው የኖረ ኩባንያ ዛሬ በቁልምጫ ስሙ ስለጠራው ቤተሰባችን የተሰማውን ኩራት ለመግለጽ ቃላት ያጥሩኛል።

እኔ የመሬት ቀያሽ መሐንዲስ ነኝ። ሥራዬ በሴንቲ ሜትር ስለሚለካ፣ ምስጋናችንን ከነቀኑ በተራ ቁጥር ባቀርብ ቅር እንደማይሰኙ እተማመናለሁ።

1. አባቴ ትንሿን በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ ፒክአፕ ያዘዘው የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ወር፣ ኦክቶበር 4 ቀን ነው። በዚያው ሳምንት የዓይን ሐኪሟ «በቀን ብርሃን ለመንዳት ቢበዛ ዓመት ተኩል ነው የቀረዎት» ብላው ነበር። የመኪና መሸጫው ደግሞ «በአሥራ ስድስት ሳምንት ትደርሳለች» አለው። አባቴ አንዱን ከሌላው ቀንሶ የሚተርፈው ከዓመት በላይ መሆኑን አይቶ ደስ አለው። ትልልቆቹ መኪኖች ላይ ጉልበቱ አያወጣውም፤ ይህቺ ግን ዝቅ ያለች ናት፤ በበረዶ ላይ የሚጎትተውን የዓሣ ማጥመጃ ሸርተቴ ራሱ ጭኖ፣ ሐይቁ በረዶ ሲይዝ ማንንም ሳያስቸግር ብቻውን ሄዶ በረዶውን በስቶ ማጥመድ ይችላል። የፈለገው ይኼን ብቻ ነው። «ዕድሜ ልኬን ለሰው ስሠራ ኖርኩ፤ አንዷን ደግሞ ለእኔ በስሜ ይሥሩልኝ» ብሎ ነው ከፋብሪካ ያዘዛት። ሐይቁ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ በረዶ ሠርቶ ሁለት ጊዜ ቀልጧል፤ ሐይቅ ቀጠሮ አያዛውርም።

2. ባዘዘ በሁለተኛው ወር፣ በዲሴምበር፣ «ፒክአፕዎ የምርት ሳምንት ተመድቦላታል» የሚል መልእክት ስለላኩልን እናመሰግናለን። አባቴ ያንን አምኖ አሮጌ መኪናውን ለጎረቤታችን ለኢርቪን ሸጠ፤ ምክንያቱም ጋራዡ የሚይዘው አንድ መኪና ብቻ ስለሆነ «አዲሷ የመጣች ቀን ውጭ አታድርም» አለ። ወለሉን ጠርጎ ካርቶን አነጠፈ። ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ አዛውረውታል፤ አንዴ የባትሪ፣ አንዴ የሽቦ፣ አንዴ የመቀመጫ ጨርቅ እጥረት ነው ተባለ፤ ሁለቱን ጊዜ ምክንያት መስጠቱንም ትተውታል። ካርቶኑን አይጥ በልቶታል።

3. ባለፈው ሴፕቴምበር በቀለሟም በሁለመናዋም የአባቴን ትዕዛዝ የምትመስል ፒክአፕ መሸጫው ግቢ ደረሰች፤ ያዘዛት ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ነበር። ሻጩ ብሬት ደውሎ «ዛሬውኑ ይምጡና ይውሰዷት» ስላለ ሄድን። አባቴ በሯን ከፍቶ ዘጋ፤ አዘጋጓን ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ፤ የሠራተኛ ልማድ ነው። ከዚያ መስታወቷ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አፍንጫው እስኪነካው ተጠግቶ አነበበና፣

«የሰው ስም አለባት» አለ።

«ትቷት ሄዷል እኮ አባባ!» አለ ብሬት።

«ከእሱ ቀጥሎ ተራው የማነው? የእኔ ነው?»

«እሱን እንኳ አላውቅም።»

«እንግዲያው የሰው ተራ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የፋብሪካ መስመር ላይ ስቆም የሰው ተራ ነክቼ አላውቅም።»

እኔ እዚያው ሰው መሐል «አባዬ፣ ዓይንህ እየሄደ ምን የተራ ወሬ ታወራለህ!» ብዬ ጮህኩበት። «አንተ ምሁሩ፣ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ቀን ብትውል ይገባህ ነበር» አለኝና ወደ መኪናዬ ሄደ። ፒክአፗ በማግሥቱ ጎማ ሊያስነፋ ለመጣ መንገደኛ ተሸጠች።

ክቡር ሆይ፣ በኩባንያዎ ወረፋ ከልቡ የሚያምን አንድ ሰው እንዳለ ላበሥርዎ እወዳለሁ። ሁለተኛውን ከእናንተ ዘንድ ፈልጌ አጣሁ።

4. ኤፕሪል 22 ቀን መንጃ ፈቃዱን አስረከበ። የመንጃ ፈቃድ ጽሕፈት ቤቷ ልጅ ከእንግዲህ እንዳይሠራ የካርዱን ጥግ በመቀስ ቆርጣ መለሰችለት። መኪና ውስጥ ሲገባ «ጥሩ ልጅ ናት፤ ፎቶህ ያምራል አለችኝ» አለ። አሁን ከጎኔ ተቀምጦ ይሄዳል፤ ቀይ መብራት በያዘን ቁጥር ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል።

የሜይ 6ን ብሥራት ጮክ ብዬ ያነበብኩለት እኔ ነኝ፤ እርሱ ማንበብ አልቻለምና። «መሪውን የሚጨብጡበት ቀን እየቀረበ ነው» የሚለው በእኔ አፍ ወጣ። ትዕዛዙን ላሰርዘው ወይ ስለው «ተው፣ አታሰርዝ። ትምጣ። ጋራዥ ውስጥ እቀመጥባታለሁ» አለ።

ስለዚህ ገንዘብም ካሳም፣ የኩባንያዎ ስም የታተመበት ኮፍያም አልጠይቅም። የአባቴ ትዕዛዝ በእነዚህ አሥራ ዘጠኝ ወራት ስንተኛ ተራ ላይ እንደነበረና ከኋላው መጥተው ስንት ሰዎች እንደቀደሙት፣ ስምና ፊርማ ባለው ሰው የተጻፈ መልስ እስከ ጁን 14 ቀን ድረስ በፖስታ እንዲደርሰው እጠይቃለሁ። በኩባንያዎ የጊዜ አቆጣጠር ጁን 14 የትኛው ወር ላይ እንደሚውል ስለማላውቅ፣ በእኛ ቤት የቀን መቁጠሪያ መሆኑን ላሳስብ እወዳለሁ።

መጠበቅ የደስታ አካል መሆኑን እስካሁን ያስተማሩት፣ ደስታውን ግን ገና ያላሳዩት የአንድ በር ገጣሚ ልጅ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ጄሮም ዚልካ
ፖርት ዌንዴል፣ ሚሺጋን

ማስታወሻ፦ መልሱን እባክዎ በትልልቅ ፊደል ያስጽፉት፤ የእያንዳንዱ ፊደል ቁመት ከሁለት ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ፤ በዚህ ጊዜ ራሱ ያንብበው። ያዘዘ ዕለት የፈረመውን ውል ግን፣ በደቃቅ ፊደል የታተመችው የመጨረሻዋ አንቀጽ ሳትቀር፣ ያለ መነጽር አንብቦት ነበር።