ከኋላህ የሚመጣው ሰው የሚያየው

ውድ ቢራቱ፣

ሌላውን ከማንሣቴ በፊት አንድ ነገር መረዳት አለብህ፦ እንደ አንተ ካለ ሞተርሆም፣ ማለትም ተሽከርካሪ ቤት፣ ኋላ የሚጎተት መኪና የራሱ የኋላ መብራት ያስፈልገዋል። አንተ ፍሬን ስትይዝ የእሱም የፍሬን መብራት ሊበራ ይገባል፤ ግራ ፍሬቻ ስታሳይ እሱም ግራ ማሳየት አለበት። ሕጉ ይህ ነው። ሕግ ባይኖርም ያው ነው፤ የተጎተተው መኪና የሞተርሆሙን መብራቶች ይጋርዳቸዋል።

ይህን በስልክ ነግሬሃለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ለእራት ስትመጡም ነግሬሃለሁ። መልስህ ሁልጊዜ «እሺ ጋሼ» ነው። ከአስተማሪነት ጡረታ እስክወጣ ድረስ፣ ተማሪ ካልገባው ጥፋቱ የአስተማሪው ነው ብዬ አምን ነበር። አንተ ግን ይገባሃል፤ አሌክሳንድሪያ ቤትህ ስትደርስ ትተወዋለህ እንጂ።

ባለፈው ቅዳሜ መፍትሔ አገኘሁ ብለህ ጠራኸኝ። መፍትሔው እኔ ነበርኩ፤ አራቱንም ፍሬቻ እያበራሁ ከኋላ ላጅብህ። «ጋሼ፣ በሠርጌ ቀን እንደዚህ አይደል የሄድነው? ማን ገጨን?» አልከኝ። ልጄን ሀሴትን ለአንተ የዳርኩበትን ቀን አልረሳሁም። ያኔ ግን ለቪዲዮ ስንል እንደ እግረኛ ነበር የምንጓዘው።

ያም ሆኖ አጀብኩህ። ፌርፋክስ ሳንደርስ ቀለበት አውራ ጎዳናው ቤልትዌይ ላይ አንድ ፒክአፕ በመካከላችን ገባ። እሱ ሲወጣ አንተ ቆመሃል። ፊት ለፊቴ ያለው፣ አንተ የምትጎትተው መኪና ምንም አላበራም፤ መቆምህን ያወቅኩት መኪናው እየተለቀ ሲመጣብኝ ነው። ወደ ዳር ጠምዝዤ ተረፍኩ። አንተ አላየኸኝም። ስንደርስ «አንደኛ አጃቢ» ብለህ ትከሻዬን መታ መታ አደረግህ። የሆነውን ሰው ፊት መናገር አልፈለግሁም።

አሁን ደግሞ ወደ ኖርዝ ካሮላይናው ጉባኤ ልጄን ነህምያን እንዲያጅብህ አዘኸዋል። ሞተርሆሙ ስለሚያቅለሸልሻት ባለቤቴ አሰለፈችም ከእሱ ጋር ልትሳፈር ነው። እኔ እዚያ ቦታ ሆኜ አይቻለሁ፤ የሚታይ ነገር የለም።

«ለመብራቱ ብዬ ሽቦ ካስቆረጥኩ የመኪናው ዋራንቲ፣ የፋብሪካው ዋስትና፣ ይሰረዛል» ብለሃል። አታስቆርጥ። ከኋላ በማግኔት የሚለጠፍ፣ በኬብል ከሞተርሆሙ የሚያያዝ መብራት ይሸጣል፤ ስትደርስ ነቅለህ ታስቀምጠዋለህ።

እባክህ ቶሎ መልስልኝ፤ እሺ ብለህ ብቻ ግን አትመልስ። መብራቱን ግጠምና ፍሬን ያዝ፤ ሀሴት ከኋላ ቆማ በስልኳ ትቅረጸውና ላኩልኝ። ቀዩ መብራት ሲበራ በዓይኔ እስካይ ድረስ የአሰለፈች ሻንጣ ከዚህ ቤት አይወጣም።

አማትህ ዓባይነህ