የመምህር ኦይታ ኦሻ ዕረፍትና በማኅበሩ ስም የተሰረዘው ጽሑፋቸው

ማኅበራችን የመምህር ኦይታ ኦሻን ዕረፍት ለአባላቱና ለወዳጆቻቸው ሁሉ ከማስታወቁ በፊት፣ በስሙ የተፈጸመ አንድ በደል መግለጽ ይኖርበታል። ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የመምህር ኦይታ ጽሑፍ ከቴሌግራም ገጻችን ተሰርዞ፣ በቦታው «ማኅበሩ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሽን የተጻፈ ጽሑፍ አይቀበልም» የሚል ቃል ወጥቶ ነበር። ማኅበሩ ግን አልተሰበሰበም፤ አልወሰነምም። ጽሑፉን የሰረዝኩትም፣ ያንን ቃል የጻፍኩትም እኔ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ላቀው ጋልሶ ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ «አባላት ጠቁመው ነው» እያልኩ አሥር ወር ኖሬአለሁ።

ሰብሳቢያችን ወ/ሮ ዓለምጸሐይ ረቂቁን አይተው «ጋሽ ላቀው፣ ይሄ እኮ የሐዘን መግለጫ ነው እንጂ የንስሐ ጸሎት አይደለም» ብለውኝ ነበር። ሁለት ቀን አስበውበት ግን «በቃ፣ ይቆይ» አሉ።

መምህር ኦይታ የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በዶርዜ፣ በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ወደሚያገለግሉት ጌታ ሄደዋል። ማኅበራችን መሥራቹን አጥቷል፤ ሐዘኑም ከባድ ነው።

መምህር ኦይታ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ፣ በኋላም በከፍተኛ ትምህርት ተቋም ሒሳብ አስተምረዋል። በጡረታ ሊገለሉ ሲቃረቡ እንኳ የተማሪ ደብተር ከእጃቸው አልጠፋም።

ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ሰው ሠራሽ አስተውሎት በከፍተኛ ትምህርት ላይ ስላመጣው ጉዳይ መምህራንና ተማሪዎች የሚነጋገሩበትን ማኅበራችንንና የቴሌግራም ገጹን መሠረቱ። የጋሞ አባቶች ተቀምጠው ነገር በሚሰሙበት አደባባይ ስም «ዱቡሻ» አሉት። ሕጉንም ራሳቸው አወጡ፦ የሚከስ ሰው በስሙ ቆሞ ይከሳል፤ ከሳሹ እስኪቆም ድረስ ተከሳሹ መልስ አይሰጥም።

ሰኔ 2016 ዓ.ም. አንዳንድ መምህራን በማሽን ተጽፏል ብለው የጠረጠሩትን የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ ሊጥሉ ሲነሱ፣ የሦስት ሳምንት ውይይት መርተዋል። አንድ ተማሪ «መምህር፣ ማሽኑ ተመርቆ እኛ ልንቀር ነው!» ብሎ ቢጽፍ፣ «አይዞህ ልጄ፣ እሱም ሲመረቅ ሥራ አያገኝም» ብለው መለሱለት። የተጠረጠረ ተማሪ ሥራውን በቃሉ ያስረዳ የሚለው ሐሳባቸው ከዚያ ወዲህ በሁለት የትምህርት ክፍሎች ተሠርቶበታል።

መጋቢት 2017 ዓ.ም. ለሕክምና ሲሄዱ ውይይቱ እንዳይቋረጥ ብለው ሃምሳ ጥያቄዎች አዘጋጁ። በየማክሰኞው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አንድ አንድ ጥያቄ በራሱ እንዲወጣም ገጹ ላይ ቀጠሮ አስይዘው ሄዱ።

ባለቤቴ በለጥሽ ያረፈችው በዚያው ወር ነበር። ከደረሱኝ የማጽናኛ ደብዳቤዎች አንዱን በኪሴ ይዤ እዞር ነበር፤ በቤተ ክርስቲያንም ቆሜ አንብቤዋለሁ። የላከልኝ ተማሪ በኋላ በገጻችን ላይ ለምሳሌ ብሎ፣ ደብዳቤውን ማሽን እንደጻፈለት ተናገረ። ልጁ ክፋት አልነበረበትም። እኔን ግን ከዚያ ወዲህ ያማረ ዓረፍተ ነገር ሁሉ የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። በሚያዝያ የመምህር ኦይታ ጽሑፍ ሲመጣ ከወትሮው የረዘመ፣ ከወትሮውም የጠራ ነበር። ሦስት መስመር አንብቤ ሰረዝኩት።

በሕመማቸው ምክንያት ቀኝ እጃቸው እንደማይታዘዛቸው አላወቅሁም። ያንን ጽሑፍ ሦስት ቀን ሙሉ ቃል በቃል እየተናገሩ ያስጻፉት ልጃቸውን ሔርሜላን ነበር። ደውዬ ብጠይቅ ኖሮ ይነግሩኝ ነበር፤ አልደወልኩም።

ከዚያ በኋላ መምህር ኦይታ በገጹ ላይ አንድ ቃል አልጻፉም። የሚመጣው የማክሰኞው ጥያቄ ብቻ ነበር። ስማቸው ብቅ ባለ ቁጥር ለእኔ ብቻ የተላከ ይመስለኝ ስለነበር፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ስልኬን ገልብጬ መጸለይ ለመድኩ። ጸሎቱም አልሆነልኝም።

የቀብራቸው ዕለት ማክሰኞ ነበር። ከቆላው ከሲቀላ ወደ ደጋው ወደ ዶርዜ በምንወጣበት ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሲሆን የሁላችንም ስልክ ባንዴ ጮኸ። ፊት የተቀመጠች ተማሪ «ኧረ በጌታ ስም! መምህር ኦይታ ጻፉ!» አለች። ሹፌሩ መኪናውን ጥግ አስያዘ። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «መምህሩ ይሄዳል፤ ማሽኑ ይቀራል። ተማሪው የሚናፍቀው የትኛውን ነው?»

ቀብሩ ሳይደርስ፣ ለቅሶው ላይ ሔርሜላ አጠገቤ ተቀመጠች። ጽሑፉን የሰረዝኩት እኔ መሆኔን አታውቅም። «አባባ 'ከሳሼ ይቁም፣ ያኔ እመልሳለሁ' እያለ ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ ይጠብቅ ነበር» አለችኝ። «ባለፈው ሳምንት እንኳ 'ቆመ እንዴ?' ብሎ ጠይቆኛል።»

የቀሩት አራት ጥያቄዎች በየማክሰኞው ይወጣሉ፤ ማኅበሩ አያስቆማቸውም። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሣራን፣ ልጃቸውን ሔርሜላን፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውንና ተማሪዎቻቸውን ጌታ ራሱ ቀርቦ ያጽናናቸው እንላለን።

ይህም በማኅበሩ መዝገብ ይያዝ። የካቲት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀብሩ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ እንደ አገሩ የይቅርታ ልማድ እርጥብ ሣር ይዤ ተነሣሁ። «መምህር ኦይታን በማኅበሩ ስም ተሸሽጌ የከሰስኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ። ሔርሜላ ያንን የተሰረዘ ጽሑፍ ከስልኳ አውጥታ፣ ለሕዝቡ እንዳነብበው ሰጠችኝ። «ተማሪውን 'ጽሑፍ ሰርቀሃል' ከማለታችን በፊት፣ ምን ልትል ፈልገህ ነበር ብለን እንጠይቀው» የሚለውን ደግሜ አነበብኩ። ከዚያ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ቃል አነበብኩት።